«ያጨሳል ወይ?» ብቻ አይበቃም፦ የጋንጃና የስኪዞፍሬኒያ ጉዳይ በደቡብ ለንደን

ካምበርዌል በደቡብ ለንደን ያለ ሰፈር ነው፤ ከብሪክስተንና ከፔክም ጋር ይጎራበታል። ሞድስሊ የተባለው ስመ ጥር የአእምሮ ሆስፒታል እዚያ ነው ያለው። ከአጠገቡ የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የሳይካትሪ ተቋም አለ። በዚህ አካባቢ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአእምሮ ሕክምና የመጣ ሰው በአንድ መዝገብ ይሰፍር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተመራማሪዎች ያንን መዝገብና የኋለኞቹን የሕክምና ፋይሎች አገላበጡ። ከ1965 እስከ 1997 ባለው ጊዜ በየዓመቱ ስኪዞፍሬኒያ አዲስ የሚይዛቸው ሰዎች መጠን በእጥፍ ጨምሮ አገኙት።

ስኪዞፍሬኒያ ቀላል ሕመም አይደለም። ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል። ጎረቤቱ፣ ፖሊሱ፣ አንዳንዴም የገዛ እናቱ የሚያሴሩበት ይመስለዋል። ሐሳቡ ይበታተናል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ያጣል። ድምፅ መስማቱና የሌለውን አለ ብሎ ማመኑ ብቻውን ሲታይ ሐኪሞች ሳይኮሲስ ይሉታል። ሳይኮሲስ መጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ስኪዞፍሬኒያ ግን ይቆያል። ለረጅም ዘመን በዘር የሚመጣ ሕመም ነው ሲባል ኖሯል፤ እውነትም በዘር ይወረሳል። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ዘር በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለወጥም። ስለዚህ ከዘር ውጭ ያለ ነገር መፈለግ ነበረበት።

አንዱ ተጠርጣሪ ካናቢስ ነበር፣ በእኛ አፍ ጋንጃ። በ2006 የወጣ የካምበርዌል ጥናት፣ በስኪዞፍሬኒያ ከመጡት መካከል ከመታመማቸው በፊት ያጨሱ የነበሩት ድርሻ ከዘመን ዘመን እያደገ መሄዱን አሳየ። በሌላ የአእምሮ ሕመም በመጡት ላይ ጭማሪው ያን ያህል አልነበረም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለምክንያት ነው። ለንደን ውስጥ ልጃቸው «ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት የጀመረ ወላጆች ከዘመድ ወዳጅ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማሉ። አንዱ «ጋንጃው ነው ያሳበደው» ይላል። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ፣ «ዊድ ማንንም አይጎዳም፣ ተክል ነው» ይላል። ሁለቱም ወሬውን እዚያው ይዘጉታል። የደቡብ ለንደን ሐኪሞች ግን አልዘጉትም፤ ሰው ጠየቁ፣ ቆጠሩ፣ አነጻጸሩ። ያገኙትን ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከስዊድን የመጣው ፍንጭ

ጥርጣሬው ከዜሮ አልተነሳም። በ1969 እና 1970 ለውትድርና የተመዘገቡ ከ45,000 በላይ ስዊድናውያን ወጣቶች ስለ እፅ አጠቃቀማቸው ተጠይቀው ነበር። ከዚያ ለ15 ዓመት በሆስፒታል መዝገብ ክትትል ተደረገባቸው። ውጤቱ በ1987 ታተመ። እስከ ምልመላቸው ድረስ ካናቢስ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት፣ ጨርሶ ካላጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሐኪም ግን አልተዋጠለትም። ስዊድን ውስጥ ያጨሱት ቀድሞም ችግር የነበረባቸው ልጆች ቢሆኑስ? ሌላም እፅ ይወስዱ ከነበረስ? ጥያቄው ተገቢ ነበር። በ2002 ደግሞ ከኒውዚላንዷ ደኒደን ከተማ ሌላ ውጤት መጣ። እዚያ ልጆቹን ከተወለዱ ጀምሮ ነው የተከታተሏቸው። በ15 ዓመታቸው ያጨሱ ከነበሩት 10 በመቶ ያህሉ በ26 ዓመታቸው ስኪዞፍሬኒያ መሰል ሕመም ታየባቸው። ከሌሎቹ መካከል ይህ የደረሰባቸው 3 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የተጠኑት አጫሾች ቁጥር ትንሽ ነው፣ ይህን መዘንጋት አይገባም። ግን በልጅነት የጀመሩት ይበልጥ መጎዳታቸው ሐኪሞችን አሳሰበ።

በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ፖለቲካው በሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። ብሪክስተን ያለችበት የላምቤዝ ክፍለ ከተማ ፖሊስ በ2001 ትንሽ ጋንጃ የያዘን ሰው ማሰሩን ትቶ በማስጠንቀቂያ መልቀቅን ለአንድ ዓመት ሞከረ። በጥር 2004 መንግሥት ካናቢስን ከ«ቢ» ምድብ ወደ ቀለለው «ሲ» አወረደው። በጥር 2009 መልሶ ወደ «ቢ» አወጣው። ጋዜጣው ሁሉ ስለ እስርና ስለ ነፃነት ይጨቃጨቅ ነበር። ሰዎቹ የሚያጨሱት ምን ዓይነት ጋንጃ እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ምን ዓይነት? በሳምንት ስንቴ?

ያንን የጠየቀው የሞድስሊው ቡድን ነው። መሪዎቹ ስኮትላንዳዊው ፕሮፌሰር ሮቢን መሬይና ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማርታ ዲ ፎርቲ ነበሩ። ከግንቦት 2005 እስከ ግንቦት 2011 ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ ይዟቸው ወደ ደቡብ ለንደን ሕክምና ከመጡት መካከል 410 ሰዎችን መረመሩ። ለማነጻጸሪያ ከዚያው ሰፈር 370 ጤነኛ ሰዎችን ወሰዱ።

የጥናቱ ብልሃት ያለው በጥያቄው ላይ ነው። «አጭሰህ ታውቃለህ?» ብቻ ብለው አላቆሙም። ምን ዓይነቱን ነው የምታጨሰው? በሳምንት ስንቴ? በስንት ዓመትህ ጀመርክ? አንድን ሰው «አጫሽ» ብሎ መዝግቦ ማለፍ፣ ቅዳሜ አንድ ብርጭቆ ጠላ የሚቀምሰውንና በየቀኑ አረቄ የሚገለብጠውን እኩል «ጠጪ» ብሎ እንደመጻፍ ነው።

በጊዜው በለንደን መንገዶች ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር። አንዱ ከሞሮኮ የሚገባ ቡናማ ሙጫ ነው፣ ሬዚን ይሉታል። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ በውስጡ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ከጎኑ ተመጣጣኝ መጠን ያለው ሲቢዲ የተባለ ሌላ የተክሉ ንጥረ ነገር አለው፤ ሲቢዲ አያሰክርም። ሁለተኛው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በቤት፣ በመብራት ሙቀት የሚበቅለው ስከንክ ነው። የዚህ ቲኤችሲ 14 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ሲቢዲ ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ውጤቱ በ2015 ወጣ። ስከንክ የሚያጨሱ ሰዎች፣ ጨርሶ ካላጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በሳይኮሲስ የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በየቀኑ የሚያጨሱት ደግሞ አምስት እጥፍ። ሬዚኑን በሚያጨሱት ላይ ግን ጭማሪ አልታየም። ከታመሙት 410 ሰዎች ከግማሽ በላይ፣ 53 በመቶው፣ የስከንክ አጫሾች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ባሰሉት መሠረት፣ ስከንኩ በእርግጥ መንስኤ ከሆነ፣ ባይኖር ኖሮ በዚያ አካባቢ ከአዲሶቹ የሳይኮሲስ ታማሚዎች 24 በመቶው ላይታመሙ ይችሉ ነበር። ይህ ማለት ከአራት አንድ ሰው ነው። «መንስኤ ከሆነ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔን ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ሌላው ውጤታቸው ነው። በየቀኑ ስከንክ የሚያጨሱት፣ ከማያጨሱት ታማሚዎች በአማካይ ስድስት ዓመት ቀድመው ነው የታመሙት። ስድስት ዓመት በዚያ ዕድሜ ላይ ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚጨረስበት፣ ሥራ የሚያዝበት፣ ጓደኛና ትዳር የሚመጣበት ጊዜ ነው። በ28 ዓመቱ የታመመ ሰው ሙያ ይዞ፣ ሰው አፍርቶ፣ የሚመለስበት ነገር ኖሮት ይታመማል። በ22 ዓመቱ የታመመ ልጅ ገና ምንም አልጀመረም።

ገበያው ደግሞ ባለበት አልቆመም። ፖሊስ ከያዘው ካናቢስ ውስጥ የስከንክ ዓይነቱ ድርሻ በ2005 ግማሽ ያህል ነበር። በ2016 ለንደንን ጨምሮ በአምስት የእንግሊዝ አካባቢዎች ሲመረመር 94 በመቶ ሆነ። ሬዚኑ ከመንገድ ጠፋ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ብዙ ወላጅ «እኔም በወጣትነቴ ሞክሬዋለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ያኔ የሞከረውና ዛሬ ልጁ ኪስ ውስጥ ያለው አንድ ነገር አይደለም።

እውነት ጋንጃው ነው?

ተጠራጣሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሊታመም ያለው ሰው ራሱ ቀድሞ ጋንጃ ይፈልግ እንደሆነስ? ጭንቀቱን ለማስታገስ፣ እንቅልፍ ለማግኘት፣ ዝም የማይለውን ጭንቅላቱን ለማረጋጋት? እንዲያ ከሆነ ማጨሱ የሕመሙ መንስኤ ሳይሆን የመጀመሪያ ምልክቱ ነው።

ይህ ጥያቄ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። በ2018 የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት፣ ለስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጥ ዘረመል ያላቸው ሰዎች ካናቢስ የመጀመር ዕድላቸውም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እንዲያውም ከሕመሙ ወደ ማጨስ የሚወስደው መንገድ በዚያ ጥናት ይበልጥ ጎልቶ ነው የታየው። ስለዚህ «ከአራት አንዱ በስከንክ ነው» የሚለውን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ መውሰድ ስህተት ይሆናል።

ግን በሌላው ወገን ያለው ማስረጃም ቀላል አይደለም። ቲኤችሲ በላቦራቶሪ ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በደም ሥር ተሰጥቶ ያውቃል፣ በአሜሪካም በዚያው በለንደኑ ተቋምም። ሰዎቹ ለጥቂት ሰዓት ይጠራጠራሉ፣ ሐሳባቸው ይምታታል፣ ነገሩ ሁሉ ሌላ ትርጉም ያለው ይመስላቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ይለቃቸዋል። ይህ ስኪዞፍሬኒያ አይደለም፤ ነገር ግን ንጥረ ነገሩ አእምሮን ወደዚያ አቅጣጫ መግፋት እንደሚችል በዓይን ይታያል። በ2022 ደግሞ የኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሲቢዲ ይህን ጉዳት ያበርድ እንደሆነ በ46 ሰዎች ላይ ሞከሩ። በጋንጃ ውስጥ በሚገኘው መጠን ሲሰጥ አላበረደም። ስለዚህ «ሲቢዲ ያለውን ካጨስኩ ችግር የለም» የሚለው ማጽናኛ ብዙ አያስኬድም። ዋናው የቲኤችሲው መጠን ነው።

በ2019 የወጣው የአውሮፓ ጥናት ነገሩን አሰፋው። በአምስት የአውሮፓ አገሮችና በብራዚል ባሉ 11 ቦታዎች 901 ታማሚዎችና 1,237 ጤነኞች ተጠየቁ። በየቀኑ ማጨስ የመታመም ዕድልን ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ያደርጋል። ቲኤችሲው ከ10 በመቶ በላይ የሆነውን በየቀኑ ማጨስ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ኃይለኛው ጋንጃ በቀላሉ የሚገኝባቸው ለንደንና አምስተርዳም አዲስ ታማሚም የሚበዛባቸው ከተሞች ሆነው ተገኙ። ኃይለኛው ባይኖር ኖሮ ሊቀር ይችል የነበረው የአዲስ ታማሚ ድርሻ በለንደን 30 በመቶ፣ በአምስተርዳም 50 በመቶ ገደማ ተሰልቷል። ስሌቱ አሁንም በዚያው ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው የቆመው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ተጋላጩ ልጅ ወደ ጋንጃው ይሳባል፣ ጋንጃውም ተጋላጩን ልጅ ይገፋዋል። ለወላጅ ደግሞ የትኛው ቀደመ የሚለው ያን ያህል ለውጥ የለውም። ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ዘመድ ካለ፣ ልጁም በየቀኑ ኃይለኛውን የሚያጨስ ከሆነ፣ ሁለቱ ተደማምረዋል።

የማይጋነንም ነገር አለ። በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬኒያ የሚይዛቸው ከመቶ ሰው አንድ አይሞሉም። ይህን በሦስት ወይም በአምስት ብናባዛው እንኳ ከአጫሾች አብዛኞቹ አይታመሙም። ለልጅ «አንዴ ካጨስክ ታብዳለህ» ማለት አይጠቅምም፤ ጓደኞቹ ሲያጨሱ አይቶ አለማበዳቸውን ያውቃል። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሌላውንም አያምንም።

ጋንጃ ብቻውን ደግሞ ሁሉንም አይገልጽም። ለንደን ውስጥ በጥቁሮች ላይ የሚታየው የስኪዞፍሬኒያ መጠን ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በኖቲንግሃምና በብሪስቶል የተሠራው ጥናት፣ ከካሪቢያን በመጡ ቤተሰቦች ላይ ከነጮቹ ዘጠኝ እጥፍ፣ ከአፍሪካ በመጡት ላይ ስድስት እጥፍ ያህል ስኪዞፍሬኒያ አግኝቷል። እኛም ከአፍሪካ ከመጡት ውስጥ ነን። ይህን ልዩነት የጋንጃ አጠቃቀም አልገለጸውም። ጃማይካ ራሷ ውስጥም ይህን ያህል መጠን አልታየም። ስለዚህ ስደቱ፣ ዘረኝነቱ፣ ከወላጅ ተለይቶ ማደጉ፣ ድህነቱ፣ ብቸኝነቱ ይቆጠራል። ፕሮፌሰር መሬይ ራሱ በ2017 በሙያ ዘመኑ የሠራቸውን ስህተቶች በጽሑፍ ሲዘረዝር፣ ማኅበራዊ ኑሮን ለረጅም ጊዜ ችላ ማለቱን ከመካከላቸው ጠቅሷል። አንድ ትልቅ ምሁር እንዲህ ሲል ትልቅ አክብሮት ይገባዋል።

ከአገር ቤትም ማየት ይቻላል። በቡታጅራ አካባቢ ከ1998 ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከሺህ ወደ አምስት የሚጠጉ ሰዎች ተገኝተዋል። እዚያ ሰው የሚቅመው ጫት ነው፤ ስከንክ የሚባል ነገር በመንደሩ የለም። ሕመሙ ግን አለ።

ከታመሙ በኋላ

ከታመሙት ወጣቶች ብዙዎቹ ማጨሳቸውን አያቆሙም። ሞድስሊ ከዚህ የተማረው ትልቅ ትምህርት አለ። የደቡብ ለንደን ታማሚዎች ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ክትትል ሲደረግባቸው፣ ኃይለኛውን ጋንጃ አዘውትረው ማጨስ የቀጠሉት ይበልጥ አገረሸባቸው። ከማገርሸቱ ጀርባ በከፊል መድኃኒታቸውን በትክክል አለመውሰዳቸውም ነበረ። ያቆሙት በተሻለ ሁኔታ ቆዩ። ይህ ለቤተሰብ ጥሩ ወሬ ነው፤ ዘር አይቀየርም፣ ማጨስ ግን ሊቆም ይችላል።

በ2019 ዲ ፎርቲ በሞድስሊ ሳይኮሲስ ላለባቸው ካናቢስ አጫሾች ብቻ የሚሆን ክሊኒክ ከፈተች። በእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምና ውስጥ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ቀደም ሲል ብዙዎቹ በሁለት በር መካከል ይንገላቱ ነበር። የአእምሮ ሕክምናው «መጀመሪያ እፁን አቁም» ይላል፣ የእፅ ሕክምናው «መጀመሪያ አእምሮህን ታከም» ይላል። እዚህ ሁለቱም በአንድ ክፍል ይታያሉ። የሚጠየቁትም ያው ጥያቄ ነው፦ ምን ዓይነት፣ ስንቴ፣ ለምን። ሰው ለምን እንደሚያጨስ ሳይታወቅ ማስቆም አይቻልም። ለእንቅልፍ የሚያጨስ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከብቸኝነት ሸሽቶ የሚያጨስ ሰው ያስፈልገዋል።

«ጋንጃው ሲለቀው ይድናል» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። ዴንማርክ ውስጥ በካናቢስ ምክንያት ሳይኮሲስ ታይቶባቸው የታከሙ ሰዎች ለዓመታት ሲታዩ፣ ግማሽ ያህሉ ኋላ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) ተገኝቶባቸዋል። ለቀቀው ተብሎ ክትትል አይቋረጥም።

እንግሊዝ ለሚኖር ቤተሰብ የሚሆን ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የታየበት ሰው ወደ አእምሮ ሕክምና ከተላከ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀምር የሚጠይቅ መመሪያ አለ። ዕድሜው ከ14 እስከ 65 የሆነ ሁሉ ይመለከተዋል። በጂፒ፣ ማለትም በሰፈር ሐኪማችሁ፣ በኩል ማስላክ ይቻላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም፤ ታናሽ እህቱን አታስተረጉሙ። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ማጨሱንም አትደብቁ። ለሐኪም መንገር ለፖሊስ መንገር አይደለም። ምን ዓይነቱን፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ መጨረሻ ያጨሰው መቼ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ማን ታሞ እንደነበር ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።